እማዬ ካልጀመረች የማይበሉት

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ቀኑን ሙሉ ጎማ ስለጥፍ ውዬ ገባሁ። ሚስቴ ሳሎን ስልኳን አቁማ አንድ ሳህን ሙሉ ፓስታ ትበላለች… ለሕዝብ! ኮሪያዎች የጀመሩት ነው አሉ፤ ሙክባንግ ይሉታል። አራት ሺህ ሰው ቁጭ ብሎ በቀጥታ ያያታል። ሰው ሲበላ ማየት ምኑ ደስ ይላል? እኔማ ሥራ መፍታት ነው ባይ ነኝ።

እማዬ ዛሬም አልበላችም። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሾርባ ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ። "ተወኝ ልጄ፣ አልወርድ አለኝ።"

ዓርብ፣ የካቲት 9

ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። እስከ ሰኞ ካልበላች ተመልሳ ሆስፒታል ትተኛለች፣ በአፍንጫዋ ቱቦ ይገባል። "አቅሟ ይችለዋል?" ብዬ ብጠይቀው ካርዷን ማገላበጥ ጀመረ። እናቴን እንዳላጣ ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ምን ዓይነት ነገር አየሁ!

እማዬ መኝታ ቤቱ ሰልችቷት ደግፌ ሳሎን አስቀመጥኳት፤ ያልነካችውን ሾርባዋንም ፊቷ አኖርኩ። ሚስቴ ስልኩ ፊት ዶሮ ልትበላ ነው። እማዬ ተቆጣች።

"ይሄ ሁሉ ሰው እያየሽ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? ጋብዣቸው እንጂ!"

"ጋብዤያቸዋለሁ እማማ። የየራሳቸውን ይዘው ቀርበዋል። ግን…"

"ግን ምን?"

"ታላቅ ሰው ተቀምጦ ማን ይጀምራል? እርስዎን እየጠበቁ ነው።"

አይ ብልጠት! ስልኩን ወደ እማዬ አዞረችው። መልእክቱ ጎረፈ፣ ሚስቴ ታነባለች፦ "እማማ ይጀምሩልን… እማማ፣ ምግባችን ቀዘቀዘ…"

እማዬ እኔን አየች። ስልኩን አየች። በእሷ ምክንያት ሰው ሊራብ? ፀጉሯን አስተካክላ አፏን ከፈተች። አንድ ማንኪያ ሾርባ… ደገመች!

ስለምናት ሰንብቼ እምቢ ያለችኝን ሴት ይሉኝታ አጎረሳት። ይሄ ሁሉ ሰው፣ በየቤቱ፣ ለማያውቃት ባልቴት ብሎ ማንኪያውን አስቀምጦ ይጠብቃል? ጉድ ነው። ሚስቴንም እንደ አዲስ አየኋት።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ቱቦው ቀረ። ተመስገን።

ሐሙስ፣ የካቲት 22

አሁን የስልኩ ባለቤት እማዬ ናት፤ ሚስቴ ረዳት ሆናለች።

ዛሬ አንዱ ጻፈ። እናቱ ከሞተችበት ወዲህ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሚስቴ ስታነብላት እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አንተ ልጅ፣ ካልጎረስክ አልጎርስም።"

ሾርባው ቀዘቀዘ። የሚጎርፈው መልእክት ሁሉ ቀጥ አለ። እኔም ወደ ስልኩ ተጠጋሁ።

በመጨረሻ ልጁ "ዳቦ አገኘሁ" ብሎ ጻፈ። ቆየት ብሎ፣ "ጎረስኩ እማማ።"

"ደህና አድርገህ አኝክ" አለችውና ማንኪያዋን አነሳች።