ፈረሱ ባለቤት አለው

የካቲት 5፣ 1971። ሰኞ። ከት/ቤት መልስ።

የጥንቸሏ ዜማ ዛሬም አልወጣልኝም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፒያኖው ላይ ተጎልቼ ያገኘሁት አንድ ዝላይ ነው፤ እሱም የፍየል ግልገል ዝላይ ይመስላል። ግራ እጄ ይሮጣል፣ ቀኝ እጄ ያነክሳል። መሐል ላይ ሁለት ቁልፎች ደንቁረዋል። ስመታቸው ጣውላው ይንቋቋል እንጂ ድምፅ የለም። አይጥ ገብታ የመምቻቸውን ሱፍ በልታዋለች፣ ወልዳበታለችም። አይጧን ስጽፍ ግን አልተቸገርኩም። እግሬ ሥር ትንጫጫለች፣ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ።

ጓ/ታምሩ ልምምዴ መሐል ገባ። የአውራጃው ካድሬ ነው። አዳራሹ የሱ፣ የአዳራሹ ቁልፍ የሱ፣ እኛም የሱ። የሻይ ብርጭቆውን ፒያኖው ክዳን ላይ አኖረ። እያየሁት! ክብ ምልክት ቀረበት። እኔስ ምን አልኩ? ይጠጡ ጓድ፣ አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ።

የካቲት 8። ሐሙስ።

አዲስ ደብተር ነሽ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ፒያኖው ፈረንጅ ሚስዮኖች ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ነው። በደብረ ታቦር ሌላ የለም። ከአ.አ. ሙዚቃ ተምሬ አገሬ መምህር ሆኜ ስመደብ የስብሰባ ወረቀት ተቆልሎበት አገኘሁት። ዜማ የምጽፍላቸው እንስሳት ደግሞ የሊ ናቸው። ሊ ከወረታ የሚመጣውን መንገድ ከሚሠሩት ቻይናዎች ጋር ያለ አስተርጓሚ ነው። እሑድ እሑድ አዳራሹ ደጅ ቆሞ ሲሰማኝ ከረመ። ካምፓቸው ወደ ገሳይ ሲነሣ ካላንደር ሰጠኝ። በኛ ለየዘመኑ ወንጌላዊ እንዳለው ሁሉ በነሱም ለየዓመቱ እንስሳ አለው። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ከአይጥ እስከ አሳማ። ዘንድሮ ደግሞ በግ ገብቷል።

ለእማ ባሳያት ተቆጣች። ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ የሉቃስ ገጹ ላህም ነው፣ በግ ከየት አመጡ ነው የምትለው። በሬም አላቸው ብላት በመጠኑ በረደላት።

አሁን ዋናውን ስሚ። ሊ የምትወጂው ሰው መቼ ተወለደ ብሎ ጠየቀኝ። ይኸነው አልኩት፣ ወንድሜ፣ ኅዳር 47። በጣቱ ቆጠረና ፈረስ ነው አለኝ። ፈረስ! ይኸነው እኮ ከልጅነቱ ከፈረስ ጀርባ ወርዶ የማያውቅ፣ በጥምቀት ጉግስ ሲጋልብ ሴቱን ሁሉ እልል ያሰኝ የነበረ ልጅ ነው።

ዓምና እነጓ/ታምሩ ወሰዱት። አናርኪስት ተባለ። አስከሬኑን እንኳ አልሰጡንም። ጓ/ታምሩ በእግሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ ለአናርኪስት አይለቀስም ብሎ ለእማ ነገራት። ድንኳን አልተጣለም። ጎረቤት አልገባም። እማ አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃ ከረመች።

ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም የምጽፈው ለአንዱ ብዬ ነው። ፈረስ ብቻ ብጽፍ ለምን ይሉኛል። በአይጥና በዶሮ መሐል ከደበቅሁት ማን ያውቃል። ፈረሱ አልቋል። ከአንቺና ከኔ በቀር የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከሁሉም ያማረው እሱ ነው።

የካቲት 11። እሑድ።

የዛሬውን ስሚ። ልሳቅ ወይ ልናደድ አላውቅም።

የመምህራን ባህል ቡድን ልምምድ ነበር። መ/ር አያልነህ፣ የሒሳቡ፣ ካላንደሩን ከቦርሳዬ መዞ አነበበ። ከየእንስሳው ሥር ዓመቶቹ በቁጥር ተጽፈዋል። የሁሉንም ልደት እየጠየቀ እንስሳውን ማደል ጀመረ። የጂኦግራፊው መምህር ነብር ሆነ። የራሱ ዘንዶ ሆነለት፣ ደረቱን ነፋ። እኔም ለየአንዳንዱ እንስሳውን ቀንጨብ እያደረግሁ እጫወታለሁ። ደስ ብሎናል። ከስንት ጊዜ በኋላ እኮ ነው ደስ ያለን።

ጓ/ታምሩ ገባ። እኔስ ማነኝ አለ እየሳቀ። ልደቱን ነገረ፣ ጥቅምት 1935። አያልነህ ጣቱን በወረቀቱ ላይ አስኬደና፣ ሞኝ፣ ሳያስብ ጮኾ አነበበው። «አሳማ!»

ከኋላ አንዱ ፍርፍር አለ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጣቴም ቀደመኝ። አልዋሽሽም፣ የአሳማውን መግቢያ መታሁት፤ ያንን ከታች ጭቃ ውስጥ የሚያንኮራፋውን። ጓ/ታምሩ ፊቱ ጠቆረ። በሩን ደርግሞ ወጣ።

የካቲት 13። ማክሰኞ።

ተጠራሁ። ወንበር አልሰጠኝም፣ ቆሜ ሰማሁ። በዚህ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም አሳማ የማይነካ መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። ታዲያ የአብዮት ጓድን አሳማ ማለት ምን ማለት ነው አለኝ። ቻይናዎቹ ናቸው ያሉት አልኩ። ባሰው! ሬዲዮው ቻይናን በሚያወግዝበት ሰዓት። ማን ላከሽ፣ ምን ሰጡሽ፣ ካላንደሩ ለስንት ሰው ታየ፣ እያለ አፋጠጠኝ።

ፍርዱ ይኸውልሽ። አዳራሽ እንዳልገባ። በምርት ዘመቻው በዓል ስብሰባ ላይ ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ። ፒያኖው ወደ ቀበሌው እህል መጋዘን እንዲሄድ። መጋዘኑ ጣራው ያፈሳል! ክረምቱን አይወጣም። እዚያ ከገባ እንስሳቱም፣ ፈረሱም፣ ወረቀት ላይ የተጫረ ጭረት ሆነው ቀሩ። ማን ሊሰማቸው? የት?

ስመለስ የገበያውን አቧራ ረግጬ ረግጬ ጫማዬ ተገነጠለ።

የካቲት 14። ረቡዕ። ከምሳ በፊት።

ደብተሬ፣ ደብተሬ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው!

ክፍል ውስጥ ቆሜ ድንገት መጣልኝ። ጓ/ታምሩ 35። ይኸነው 47። መሐላቸው አሥራ ሁለት ዓመት ነው፤ እንስሳቱ ዞረው የሚገጥሙበት። ስለዚህ እንስሳቸው አንድ መሆን አለበት። ሊ ይኸነውን ፈረስ አለ፣ አያልነህ ይኼንን አሳማ አለ። አንዱ ተሳስቷል። ካላንደሩን አወጣሁ። ቁጥሩ የፈረንጅ ነው! ያ የሒሳብ ሊቅ የኛን ዓመት በፈረንጅ ዓመት ላይ እያነበበ ነው አዳራሹን ሁሉ ያደለው። ሊ ግን የኛን ወደ ፈረንጅ መልሶ ነበር የቆጠረው። እኛም እዚያ የተቀመጥን መምህራን በሙሉ፣ እኔ ራሴ፣ አንዳችን ልብ አላልንም።

ቆጠርኩት። መላልሼ ቆጠርኩት። ጓ/ታምሩ ፈረስ ነው።

ፈረስ። የወንድሜ ፈረስ። የወሰደውም የተወሰደውም በአንድ እንስሳ! ቻይናዎች ምን ነካችሁ? ከአሥራ ሁለት እንስሳ ለዚህ ሰው የሚሆን ሌላ አጣችሁ?

አሁን ገባሽ? ሄጄ ጓድ፣ ስህተት ነው፣ እርስዎ ፈረስ ነዎት ብዬ ብነግረው ፒያኖው ይድናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ደስ ይለዋል። ግን አልለውም። ፒያኖው መጋዘን ገብቶ ይበስብስ፣ አልለውም። አሳማ ሆኖ ይሙት።

የካቲት 19። ሰኞ። ጾም ገባ።

ምላሴ! ምላሴ! ምላሴ!

መምህራን ክፍል አያልነህ ሊያጽናናኝ መጣ። ይቅርታ ጠይቂው፣ ዝቅ በይ፣ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነው፣ እያለ ይሰብከኛል። ጭራሽ እኔ ዘንዶ ስለሆንኩ ያከብረኛል፣ እነግርልሻለሁ አለ! ገነፈልኩ። አንተ ዘንዶ አይደለህም፣ አሳማው አንተ ነህ፣ በፈረንጅ ቁጥር ደግመህ ቁጠር አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። አያልነህ ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ቆጠረ። ላብ አጠመቀው። በራሱ አሳማነት የደነገጠ መስሎኝ ነበር። ወዲያው የጓ/ታምሩን ቆጠረ። ከዚያ ጠመኔውን ጥሎ ወጣ። የት እንደሄደ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በገዛ አፌ ሰጠሁት። የደበቅሁትን በገዛ አፌ።

የካቲት 22። ሐሙስ።

ተጠራሁ። ዛሬ ወንበር አለ። ሻይም አለ። ጓ/ታምሩ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ሳይንስ ነው ዋናው አለኝ፣ ስህተቱ በሳይንስ ታርሟል። ግለ ሂሱ ቀርቷል። ፒያኖው ካለበት አይነቃነቅም። የአዳራሹን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

ግን። ግን አለው። እሑድ በምርት ዘመቻው በዓል ላይ ፈረሱን ልጫወት ነው፤ ለሱ፣ በስሙ ተጠርቶ። ቻይና የሚል ቃል እንዳይነሣ፣ የታጋዩ ፈረስ እንዲባል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ቀልድ፣ የፈረስ ስም ቢኖረኝስ አለኝ። የድሮ ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ይባል የለም? «አባ አብዮት ቢባል አያምርም፣ ጓዲት?»

ሰማሽ? ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌን በፈረስ ስማቸው ቢጠሯቸው የፊውዳል ርዝራዥ ብሎ በስብሰባ መሐል ያዋረዳቸው ሰው! አባ አብዮት! ሻዩን ፊቱ ላይ ልደፋው ብርጭቆውን ጨብጬ ነበር። ጠጣሁት። ቁልፉንም አነሣሁ። ወጣሁ።

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። አያልነህ ውለታውን እንዳልረሳ አሳሰበኝ። ሲከለክለኝ እንዲህ አልተቃጠልኩም። ሲከለክለኝ ፈረሱ የኛ ነበር።

የካቲት 24። ቅዳሜ። አመሻሹ ላይ።

ለእማ ነገርኳት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር፣ ፈረሱ የይኸነው መሆኑን። ሽሮዋን ስታማስል ነገርኳት፤ ነገ ለዚያ ሰው ልጫወትለት ነው፣ እንቢ ካልኩ ፒያኖውም እኔም አንተርፍም፣ ምን ላድርግ አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ድስቱን አወጣችና ቁጭ አለች።

የሰው ለቅሶ እንዴት እንደነበር ነገረችኝ። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፣ ረስቼው ነው። ጎበዝ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ወግ ዕቃው ተደርጎለት፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቀስተኛው መሐል ይወጣል። አልቃሿ የፈረስ ስሙን ትጠራለች። አገሩ ያን ጊዜ ነው አምርሮ የሚያለቅሰው። ለአባቴም እንዲህ ተደርጓል። ለይኸነው ግን ፈረሱ አልወጣም። ዳማ ፈረሱን የቀበሌው ሰዎች ወሰዱት፣ ለቅሶውንም ከለከሉት።

«አንች» አለችኝ፣ «እኔ እኮ እስተዛሬ የሚከነክነኝ ይኸ ነው። ፈረሱ ሳይወጣለት ቀረ።»

ይኼ የጣት ፈረስ ነው እማ፣ እንጨት ነው አልኳት።

«ፈረስ ነው ብለሽኛል። ፈረስ ተሆነ አውጭው። ስሙንም ጥሪው። ምን እንዳይቀርብን ነው?»

የፈረስ ስም ነበረው ወይ አልኳት። ነበረው! በመጨረሻው ጥምቀት ጓደኞቹ ያወጡለት። አባ ቀስቅስ። እኔ አ.አ. ነበርኩ፣ አልሰማሁም። እማ ስሙን ስትጠራ ከዓምና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። በሩን ልዘጋ ተነሣሁ። አትዝጊው አለችኝ።

የካቲት 25። እሑድ። ጧት።

ወስኛለሁ። ንዴቱ አልበረደም፣ ግን አሁን አቅጣጫ አለው።

በዓሉ በአራት ሰዓት ይጀምራል። ጓ/ታምሩ ፊት ወንበር ላይ ነው። መድረክ መሪው አያልነህ ነው፣ የታጋዩ ፈረስ ብሎ ያስተዋውቃል። ይበል። እኔ ፒያኖው ጋ ከመቀመጤ በፊት ወደ ሕዝቡ ዞሬ ይኼ ፈረስ ባለቤት አለው እላለሁ። የማን እንደሆነም እናገራለሁ። የወንድሜን ስም ከነአባቱ። ከዚያ የፈረስ ስሙን። ከዚያ እስከ መጨረሻው እጫወታለሁ፣ ካስጨረሱኝ። ሁለቱ የደነቆሩት ቁልፎች ላይ ስደርስ እዘላቸዋለሁ።

ፈርቻለሁ ወይ? አዎ። ግን ይጠጡ ጓድ ካልኩበት ቀን ይልቅ ዛሬ ራሴን እወደዋለሁ።

አንቺን ለእማ ሰጥቼ ነው የምወጣው፤ የት እንደምታኖርሽ እሷ ታውቃለች። ከቅዳሴ አሁን መመለሷ ነው። አላረፈችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ለልጇ ሐዘን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ። ጎረቤት ሴቶች አይተዋት ከየደጃቸው ወጥተዋል። ምንም አልጠየቋት። አንዷ ገብታ የራሷንም ዘቅዝቃ ተመለሰች። ሌላዋም። እማ እየጠራችኝ ነው፣ መሄድ አለብኝ፣ አሁን ብዙ ሆነዋል፣ መንገዱን ሞልተውታል።