ጨው ያጣ ባሕር

ለምወድህና ለምናፍቅህ፣ ባለህበት ሁሉ አምላክ ይጠብቅህ ዘንድ ጧት ማታ ለምለምንልህ ወንድሜ ለደሳለ። ለመሆኑ ደኅና ነህ ወይ? ጤናህስ እንዴት ነው? በብርድ ጊዜ ይነሣብህ የነበረው ሳል ተወህ ወይ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የምትበላው፣ ጎንህን የምታሳርፍበት አለህ ወይ? ይህን ሁሉ የምደረድረው አንዱን እንኳ ብትመልስልኝ ብዬ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነን። ከአካል ወዲያ ያለውን ከዚህ በታች እነግርሃለሁ።

ደብዳቤውን የያዘችልህ የጎረቤታችን የአመተ ሥላሴ ልጅ ጽጌማርያም ናት፤ በኮንትራት ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው። አንተ ባሕሩን ለመሻገር ከተነሣህ ወዲህ አንድ ቃል አልሰማንም። አንዱ ጅዛን ገበያ ላይ በዓይኔ አየሁት ይላል፤ ሌላው የተሳፈረባት ጀልባ ሰጥማለች ይላል። እኔ አየሁት ያለውን አምኜ እጽፍልሃለሁ። ሌላኛውን ማመን ብፈልግ ኖሮ ወረቀት አልገዛም ነበር።

የምነግርህ ስለ ዓሦችህ ነው። እማዬ ባሕር አይታ ስለማታውቅ፣ የጭነት መኪና ረዳት ሳለህ ባሕሩን በመስታወት ሣጥን ቆርጠህ ከጅቡቲ ላስታ ድረስ አመጣህላት። ያን ሰሞን ቤታችን እንደ ንግሥ ነበር። ከብልባላ አህያ ጭነው ለገበያ የመጡት ሁሉ ጎራ ይሉ ነበር፤ አንድ ሽማግሌማ ለሁዳዴ መያዣ ነው የምታደልቧቸው ብለው ጠየቁኝ። ስትሄድ እማዬ አንገትህ ላይ ተጠምጥማ አልለቅህም ስትል፣ እነሱ ደኅና ከሆኑ እኔም ደኅና ነኝ ብለሽ እመኚ አልሃት። ማባበልህ ነበር፤ አውቃለሁ። እሷ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። ከዚያ በኋላ ያንተን ወሬ ሰው መጠየቅ ትታ ሣጥኑ ሥር በርጩማዋን አኖረች።

ኅዳር ላይ ባለ መስመሩ ሞተ። ሳታይ አወጣሁትና ድንጋዩ ሥር ተደብቋል አልኋት። ትንሿ ሰማያዊ ስትከተል ግን መደበቂያ አጣሁ። እማዬ በጎኗ ተኝታ ስትንሳፈፍ አይታ እህል አልቀምስ አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእኔ ሥራ ዓሣ ማስታመም ሆነ። በዚህ አገር ታሪክ ዓሣ በማስታመም እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

ያላደረግሁት የለም። መጀመሪያ ብርዱ ነው ብዬ ሣጥኑን በከፋለ ጋቢ ጠቀለልሁት፤ ባለቤቴን ታውቀዋለህ፣ ዓሣ ለብሶ እኔ በረደኝ እያለ ከረመ። ቀጥሎ መብራቱ ስለሚጠፋና አየር መንፊያው ስለሚቆም ይሆናል ብዬ፣ በጠፋ ቁጥር ውኃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ አንቆረቁር ነበር። ጓደኛህ ደግሰው ከወደብ የሚያመጣላቸውን ምግብም ቀነስሁ። የገና እንግዶች ቤቱን ሞልተው ሲያድሩ ደግሞ ጭሱ ነው ብዬ የድሃ ተሳላሚ ጓሮ እንዲያበስል አደረግሁ፤ ኃጢአቱ በአንተ ነው። ጎረቤታችን አሰለች ደግሞ ዓይን በላቸው፣ ለሰው ሁሉ ገልጠሽ አታሳዪአቸው አለችኝ። የግብርና ሠራተኛውን ብጠይቀው፣ በሬ ቢሆን ኖሮ መርፌ እወጋልሽ ነበር ብሎ ሳቀ። እኔ ስሮጥ እነሱ ይሞታሉ፤ በመጨረሻ ቢጫው ብቻ ቀረ።

አንተ ውኃው ሲተን ጨው ይቀራል፣ ስለዚህ የጎደለውን ያህል ንጹሕ ውኃ ጨምሪ ብለኸኝ ነበር። የሚገርመው የእኛ ሣጥን አይጎድልም ነበር። እኔ ቂሏ በረከት ነው እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን እጄን አስገብቼ ድንጋዩን ሳስተካክል ውኃው ከንፈሬን ነካኝ። ድሮ እንደ ሐሞት የሚያስተፋው ውኃ ጨው እንደተረሳበት ሽሮ ሆኗል። ቀመስሁት፣ ደግሜ ቀመስሁት።

ነገሩን ያገኘሁት እሑድ ጧት ነው። እማዬ ከነአኩቶ ለአብ ጸበል ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ዋሻ ጣራ በሚንጠባጠበው ጸበል እንደምታምን ታውቃለህ። ነጠላዋን አደግድጋ ከሣጥኑ አንድ ጣሳ ቀዳች፤ ፊቷን ታበሰችበት፤ የተረፈውን እግር እንዳይረግጠው ወይራው ሥር አፈሰሰችው። ከዚያ ሣጥኑ እስኪሞላ ጸበሉን ጨመረችበት፤ ከንፈሯ ስምህን ይጠራል። ምነው እማዬ ብላት፣ ልጄ ያለው በዚህ ውኃ ላይ ነው፤ ውኃው ከተባረከ አይውጠውም አለችኝ። አንተ ከሄድህ ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች።

ደሳለ፣ ምን ትለኛለህ? ዓሦቹን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ ልበላት? ለእሷ ዓሦቹ ማለት አንተ ነህ። ጸሎትሽ ልጅሽን ገደለው ከማለት በምን ይለያል? 

ሄጄ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ወልደ ኪዳን ነገርኋቸው። ፈገግ ብለው ጀመሩና ዕንባቸው መጣ። እሳቸው በዘዴ ይዘዋት፣ ጸበሉን አንቺው ጠጪው፣ ባሕሩን ለፈጠረው ተይው አሏት። እንቢ አላለችም። ግን እናታችን ሞኝ አይደለችም። ቤት ስትመለስ ፊቴን ትክ ብላ አይታ፣ ውኃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይ አለችኝ። ብርዱ ነው አልኋት። መልሳ አልጠየቀችኝም፤ ወደ ነአኩቶ ለአብም መሄድ ተወች።

ደግሰው የባሕር ውኃ በጀሪካን እንዲያመጣልኝ ልኬበት ነበር። ተስፋዬ ሁሉ እሱ ነበር። መኪናው ጋሸና ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሲደርስ ቢጫው ሞቶ አገኘው። ጀሪካኖቹ ዛሬም በር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚያነሣቸው የለም።

እማዬ አልጮኸችም። ጥቁሯን ለበሰች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሰለች ገብታ ስታያት እሪ አለች፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፤ ደንቡን ጠብቀው ሬሳ ለሌለው ልቅሶ ተቀመጡ። መምሬ ግን ሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት አላደርስም ብለው ቆርጠዋል፤ ሰው አምቷቸዋል። እማዬ ለተዝካርህ ብቅል አብቅዪ ትለኛለች። እኔ እስካሁን ገብሱን አልነካሁም። አንድ ቀን ነገ፣ አንድ ቀን ወገቤን አመመኝ እያልሁ አቆያታለሁ፤ ስንት ቀን እንደምችል ግን አላውቅም። ወንድሜ፣ በሕይወት ካለህ ቴሌ ደውለህ መምሬን አስጠራ፤ እሳቸው ይዘዋት ይመጡና ድምፅህን ትስማው። መቆጣት ካማረህ በኋላ ትቆጣናለህ።

ከፋለ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ማኅሌት አጎቴ ስል ይሰማኛል ወይ ብላ ጉንጭህን ስማለች። መምሬ ወልደ ኪዳን እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል፤ ይህን የሚሉት ለሕያውም ነውና አትደንግጥ። ደግሰው፣ አመተ ሥላሴ፣ እያለቀሰችም ቢሆን አሰለች፣ ሁሉም ናፍቀውሃል። የእማዬን ሰላምታ ያልጻፍሁት ረስቼ አይደለም። ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ ለሞተ ሰው ሰላምታ አይላክም አለችኝ።

እህትህ ፋና
ላሊበላ፣ የካቲት 9 ቀን 1997 ዓ.ም.