የገባሽን ጻፊ

ለልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ ደህና ነው? የሱቁ ሥራ እንዴት ይዟችኋል? እዚያ ሲንጋፖር ሁልጊዜ ሙቀት ነው ትያለሽ። እዚህ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ አላባራም፤ ያጠብነው ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ድሮ ዝናብ ሊመጣ ሲል ነበር የሚነግረኝ፤ ዘንድሮ ዝናቡ አልሄድ ስላለ ዝም ብሎ ያመኛል።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ ስናወራ ልጅሽ አጠገቤ ናት፤ እሷ በሌለችበት ስደውልልሽ ደግሞ "እማዬ፣ ደንበኛ መጣ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ደንበኛ ቢመጣም አይዘጋም። በስተርጅና የቻይንኛ ፊደል የቆጠርኩትም ለዚህ ነው። ጎረቤት ሲጽፍልኝ ወቀሳውን እየዘለለ ሰላምታውን ብቻ ነበር የሚልክልሽ። አሁን ጸሐፊዋ እኔው ነኝና ሙሉውን ታነቢዋለሽ።

ልጅሽ የመጀመሪያውን ፈተና የወደቀች ጊዜ፣ ለአከራዬ ለፋንግ ደውለሽ "እማዬ እንዳትሄድባት ብላ ልጅቷን ሳታሰናክላት አትቀርም" ብለሻል። የፋንግ አፍ ክዳን የለውም፤ ሳትውል ሳታድር ነገረችኝ። ባልሽ ልጅሽን ቺንግሄን የሚቀበላት እዚያ ትምህርት ቤት ቦታ ካገኘች ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ቦታ የምታገኘውም የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተናውን ካለፈች ነው። ከወደቀች ከኔ ጋር ትቀራለች፤ ካለፈች አንቺ ጋ ትመጣለች። ይህን እያወቅሁ አሰናከልኳት አላሰናከልኳት፣ የሆነውን ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ።

የምንኖረው እንደምታውቂው እዚህ የምትማርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር ነው። በዚህ ሕንፃ ያለነው ሁላችን ልጅ ለማስተማር ከየመንደሩ መጥተን የተከራየን አሮጊቶችና እናቶች ነን። የምሳ ደወል ሲደወል የሁሉም ድስት ክዳን አንድ ላይ ይነሳል። ወሬያችን ፈተና ብቻ ነው። አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል የማንለይ ሴቶች ደረጃው ላይ ተደርድረን ፎሶሊያ እየቀነጠስን "ያንቺዋ ንባብ ላይ ስንት አመጣች?" እንባባላለን። ስለቺንግሄ ስጠየቅ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምመልሰው። የእንግሊዝኛ መምህሯ ሉዋን ዘዴ ያስተምራቸዋል። "ሦስቱ ምርጫ አጭር፣ አንዱ ረጅም ከሆነ ረጅሙን ክበቡ። ሦስቱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ከሆነ አጭሩን። ሁሉም ከጠፋባችሁ 'ሲ' የሚለውን ክበቡና ቅድመ አያቶቻችሁን ለምኑ" ይላቸዋል። ልጅሽ ይህን እንደ ዘፈን እያዜመች ነበር ሰሐን የምታጥበው።

የናንተ አገር ፈተና ግን በዘዴ የሚታለል አልሆነም። ግማሹ እንደኛው ምርጫ ነው። ለሌላው ግማሽ እንግሊዝኛውን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱ ይወሰድባቸውና ባዶ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ያነበቡትን ታሪክ በገዛ ቋንቋቸው ይጽፉታል። ከላይ "የገባሽን ጻፊ" ይላል እንጂ የሚከበብ ነገር የለውም።

ውጤቱ በመጣ ማግስት መምህር ሉዋን አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ጢሙ ይብቀል አይብቀል ገና አልወሰነም።

"እትዬ ዪን፣ ይቀመጡ" አለኝ።

"ተቀምጬ የምሰማው ከሆነ ክፉ ነገር ነው" አልኩት።

ሳቀና ሁለት ወረቀት አወጣ። ታሪኩ የአንዲት እንግሊዛዊት ልጅ ነው አለኝ። ልጅቷን ያተኩሳታል። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ታስታምማታለች፤ ሲብስባትም በዝናብ አዝላት ወደ ሐኪም ትሄዳለች። መንገድ ላይ ጭቃው ያዳልጣትና ሁለቱም ይወድቃሉ፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ።

"ምርጫውን አንድ ሳትስት ነው የሠራችው" አለኝ። "'ልጅቷን ያዘላት ማን ነው?' ይላል፤ 'እናቷ' የሚለውን ከባለች። ጎበዝ! ጽሑፏን ይዩልኝ እንግዲህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናት የሚባል ሰው የለም፤ ያለችው አያት ናት። ዋይፖ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ዋይፖ አዘለቻት፣ ዋይፖ ጭቃ ላይ ወደቀች። እናት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እኮ እትዬ ዪን፣ የኔ ድመትም ታውቀዋለች!"

"እንግዲያው ድመትህን ላካት" አልኩት።

"ይሄ ብቻ ቢሆን ተከራክሬ አስተካክለው ነበር" አለ። "ዝንጅብሉስ ከየት መጣ? ዋይፖ ዝንጅብል በእሳት አሙቃ ጀርባዋን አሸችላት ይላል። እንግሊዞች ዝንጅብል የሚያውቁት ለኬክ ነው። አራሚዎቹ 'ይህች ልጅ ሌላ ታሪክ ነው ያነበበችው' ብለው ጣሏት።"

እኔ ግን ዝንጅብሉ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ልጅሽን ያተኮሳትና በዝንጅብል ያሸኋት ዓመት አንቺ ለአዲስ ዓመትም አልመጣሽም።

ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት። ማንበብ የምችል ስላልመሰለው ዓይኑ ፈጠጠ። ዋይፖ የሚለውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። የማታ ትምህርት ገብቼ ሲያጽፉኝ ነው ግን ከሁለቱ ፊደሎቹ የመጀመሪያው ያው "ውጭ" ተብሎ የሚነበበው ፊደል መሆኑን ልብ ያልኩት። የአባት እናት የቤት ናት፣ የእናት እናት የውጭ። ያን ዕለት ተናድጄ እርሳሴን ወርውሬያለሁ። ጥርሷ ሳይበቅል ታቅፈሽ አሳድጊና ፊደሉ ደጅ ያቁምሽ! በልጅሽ ወረቀት ላይ ግን ከመስመር መስመር ተደርድሮ ሳየው አላስከፋኝም። መምህሩ እንዳያየኝ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ለረጅም ጊዜ ያነበብኩ መሰልኩ።

"አንድ ዕድል አስፈቅጄላታለሁ" አለኝ ስወጣ። "በሌላ ታሪክ ትፈተናለች። እርስዎ ያናግሯት እንጂ እኔን አትሰማኝም።"

ምሳ ላይ ጠየቅኋት። ኑድሏን እየሳበች "ደክሞኝ ነበር" አለች።

"ምርጫው ላይ ያልደከመሽ ጽሑፉ ላይ ደከመሽ?"

"ወረቀቱ የገባሽን ጻፊ ነው ያለው። የገባኝን ጻፍኩ።"

"እናት ማለት አይገባሽም?" አልኳት።

"ቃሉን አውቀዋለሁ" አለች። ከዚያ ሚጥሚጣዋን ጨምራ፣ ቀና ሳትል "ደግሞ ብወድቅስ? ብሄድ አንቺን ማን ይጦርሻል? ፋንግ?" አለችኝ።

ፋንግ በበራችን ስታልፍ ሰምታ አንገቷን አስገባች። "እውነቷን ነው! ልጅቷ ባሕር ከተሻገረች ከማን ጋር ልትነጫነጪ ነው? ግድግዳውን ልትሰድቢ?" ብላ እየሳቀች ሄደች። ቺንግሄም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ሰው እኔን ብሎ ከመሄድ ይቀራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በነጋታው ጠዋት ግን የሩዝ ገንፎዋን ቀድቼላት ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና "ሰለቸሽኝ" አልኳት። "መቀቀሉም ሰለቸኝ፣ ደወሉም ሰለቸኝ። ብታልፊም ባታልፊም ከዕረፍቱ በኋላ ይህን ክፍል ለቅቄ ወደ መንደር እገባለሁ። ባልንጀሮቼ ይጠብቁኛል፤ ካርታ እንጫወታለን። እኔን ብለሽ የምትወድቂ ከሆነ፣ እኔ አልለመንኩሽም።"

"እውነትሽን ነው?" አለችኝ።

"መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

ገንፎውን ሳትጨርስ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሁሉም ውሸት ነበር አልልሽም፤ በዚህ ዕድሜ ማን አይሰለቸውም? በመንደራችን ማን ማን እንደቀረ አንቺ ታውቂያለሽ። እሷ ብትጠይቅሽ ብዙ ናቸው፣ ደህና ካርታ ተጫዋቾች ናቸው በያት።

ከዚያ ወዲያ ደወሉ ሲደወል ክዳኔን አነሳለሁ፤ ትገባለች፣ ትበላለች፣ ሰሐኗን አጥባ ወደ መጽሐፏ ትዞራለች። ዘፈኑ ግን ቀረ። ደረጃው ላይ ሴቶቹ "ያንቺዋ ምነው ዝም አለች?" ሲሉኝ "እያጠናች ነው" እላቸዋለሁ። እያጠናችም ነበር። እንደዚያ ስታጠና አይቻት አላውቅም።

ሁለተኛው ፈተና ላይ የመጣው ታሪክ ስለ ንቦች ነበር አሉ። መምህር ሉዋን ደውሎ "ንቦቹን አንድ በአንድ ነው የጻፈቻቸው እትዬ ዪን! የቀረ ነገር የለም፣ የተጨመረም የለም" አለኝ። ደስታውን ላለማበላሸት እኔም ጮክ ብዬ አመሰገንኩት።

ያን ቀን ቺንግሄ ስትመጣ በሩን አንኳኳች። ቁልፍ እያላት። ስከፍትላት እንደ ቢሮ ሰው ደጃፉ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ "አልፌያለሁ። እርስዎም እንግዲህ ማረፍ ይችላሉ" አለችኝ።

እርስዎ። ይህን መምህራንና የቢሮ ሰዎች ይሉታል። በቤታችን ግን ማንም ለማንም ብሎት አያውቅም፤ አንቺም ለኔ፣ እኔም ለእናቴ አላልንም። ልጅሽ አፏን ከፈታች ጀምሮ ስትቆጣኝም አንቺ፣ ስትርባትም አንቺ ነበርኩ። የዚህን ቃል ፊደልም ተምሬዋለሁ። "አንቺ" ተብሎ ይጻፍና ከሥሩ "ልብ" ይደረግበታል። ማን እንደሠራው እንጃ። በአፍ ሲባል ልቡ አይሰማም።

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት። "ግቢ፣ ልብስሽን እናሰናዳ።"

እንግዲህ በሚመጣው ወር ትደርስልሻለች። ስትተኛ ግድግዳው በኩል አድርጊያት፤ ከአልጋ ትወድቃለች፣ ትልቅ ሰው ናት ብለሽ እንዳትሞኚ። ዓሣ ስትበላ ካናገርሻት አጥንት ያንቃታል። እማዬ በይኝ ብለሽ አታስቸኩያት፤ ቃሉን ታውቀዋለች። ወደ እኔ ስትደውዪ እሷ ካልፈለገች ስልኩን በግድ አታስይዣት። ከፈለገች ደግሞ ምን ብላ እንደምትጠራኝ አትምከሪያት፤ የመጣላትን ትበለኝ። ክፍሉን እንዳልለቀቅሁ ፋንግ ብትነግርሽ ለልጅቷ አታሰሚያት።

አባትሽ ካለበት ሆኖ ይጠብቅሽ። ወገብሽ ይበርታ፣ የባልሽ ልብ ለልጅሽ ይራራ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። ከሦስታችሁ አንዱም ባዕድ አይሁን።

እናትሽ