የፌርማታው ላውንደሪ ባለቤት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ትንሽ ትልቁ «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እህታችን ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የካቲት 5 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም ይባላል። እናታችን የተናገሩት ስለሆነ አናስተባብልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን እትዬ ዝም ሲሉ ያየ የለም። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ምስክር ነኝ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከቤታችን ጀርባ በነበረው ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1966 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ከወጥ ቤቱ ሥር ያለ መስኮት አልባ ምድር ቤት ነበር። የሸሚዝ ኮሌታ ከጫፍ ወደ መሐል እንደሚተኮስ፣ ደም ሙቅ ውኃ ከነካው እንደማይለቅ የተማሩት እዚያ ነው። የሆቴሉን ሾፌርም ያገኙት እዚያው ነው። ሾፌሩ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሆን ብለው እየበጠሱ ይወርዱ እንደነበር ኋላ ላይ አምነዋል። በ1970 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1984 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲዘጋ ባልና ሚስት ባንድ ቀን ሥራ አጥ ሆኑ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በክፋት ሳይሆን ከልቡ አዝኖ፣ ሦስቱ ልጆች ለጊዜው በየአክስታቸው ቤት ይደጉ ብሎ መከረ። እትዬ ሁሉንም አዳምጠው «ልጆቼ አይበተኑም» አሉ፤ ስብሰባውም በዚሁ አበቃ። በምን ሊያሳድጓቸው እንዳሰቡ ግን ማናችንም አላወቅንም።

ሆቴሉ በካሣ ፋንታ የሰጣቸውን ሁለት አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ይዘው ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ። ቦታውን የመረጡት ሰው ስለሚበዛበት ነው። በሩ ላይም «ያደፈ ልብስ እናጥባለን» የሚል ማስታወቂያ በትልቁ አስጻፉ። ወራት አለፉ፤ ደንበኛ ግን የለም። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር አንሶላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ዞሮ አያቸው። መምህሩ አለፍ አሉ፣ ተመለሱ፣ ሰዓታቸውን አዩ፤ በመጨረሻ ከነአንሶላቸው አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። አውቶቡሱ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አልጠየቁም።

እትዬ ይህን በመስኮት አይተው፣ እንባቸው እስኪፈስ ከሳቁ በኋላ ነገሩ ገባቸው። ገመናውን ታቅፎ ሰልፈኛ ፊት የሚያልፍ ሰው የለም። በማግስቱ ማስታወቂያውን አስወርደው «ቤትዎ መጥተን እንወስዳለን» የሚል አሰቀሉ። ባለቤታቸውም ጠዋት ጠዋት በየቤቱ እየዞሩ ልብሱን ክዳን ባለው የመንገደኛ ሻንጣ ይረከቡ ጀመር፤ ላያቸው ሰው እንግዳ የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር። አመሻሽ ላይ፣ ፌርማታው ጢም ሲል፣ የተተኮሰውን ሱፍና ቀሚስ በመስቀያ አንጠልጥለው ሳይሸፍኑ በሰልፉ መሐል ያልፋሉ። ሰልፈኛው «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እትዬ ከበራፋቸው «የለባሹ» ይላሉ። በዓመቱ ሦስተኛ ማሽን ገባ።

ያን ያህል ጨዋታ የሚወዱት እህቴ፣ የማን አንሶላ ምን እንደነካው ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኔ የእናታቸው ልጅ እንኳ ስንቴ አባብዬ አልተሳካልኝም፤ ዛሬም ያናድደኛል። ስለ ደንበኛ እድፍ ስታወራ የሰሟትን ሠራተኛ የዚያኑ ዕለት አሰናብተዋታል። በ1999 ዓ.ም. ከመንገዱ ማዶ ለደንበኞቹ የሽልማት ዕጣ የሚያወጣ፣ መብራቱ ዓይን የሚያጠፋ ትልቅ ላውንደሪ ሲከፈት እኛ እንቅልፍ አጣን፤ እሳቸው ግን ያረጁትን ሻንጣዎች በአዲስ ቀየሩ። ሠፈሩም ከእሳቸው አልራቀም። ሦስቱ ልጆች በዚያች ክፍል ገቢ ከአንድ ጣሪያ ሥር አድገው፣ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ወንዱ መካኒክ ሆነዋል።

እትዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሆስፒታል ተኝተውም ሥራ አልፈቱም፤ የአንዲት ነርስ ጋዋን ላይ ያለው እድፍ በምን እንደሚለቅ ነግረው፣ የላውንደሪውን ስልክ ቁጥር አስይዘዋታል። ሕመሙ በጸናበት ቀን ጠያቂ የሚገባው አንድ በአንድ ብቻ ነው ተባለ። እትዬ ክንዳቸውን ተደግፈው ቀና አሉና ሦስቱም ልጆቻቸው አንድ ላይ ካልገቡ ማንም እንዳይገባ ተናገሩ። ዋና ነርሷ ደንቡን ማስረዳት ጀምረው ነበር፤ የእትዬን ፊት ሲያዩ ግን ትተውት በሩን ከፈቱ። እትዬም ልጆቻቸውን ባንድ ላይ አይተው፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኔንም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ተቀብሎ ማረፊያ ያብጅላቸው፤ ልጆቻቸውንም እሳቸው እንዳኖሯቸው አንድ ላይ ያኑርልን።