ለአራስ ያዋስኩት ብረት

ኅዳር 9፣ ከቀትር በኋላ
ብረቶቼን ዘይት ቀባሁ። የአዳማ አቧራ አያስቀምጥም፤ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ቀን የምሠራበት ባቡር ጣቢያ ዕቃ ቤት የጥሬ ቆዳ ግማት፣ ዝንብ፣ የተሸካሚ ላብ። ቤት ስገባ አቧራ። አንገሸገሸኝ፣ ደብተሬ።

ብረቶቹ የብር ገንዘብ ይመቱባቸው የነበሩ ማተሚያዎች፣ አርጅተው የተጣሉ ናቸው። አዲስ አበባ ከውራጅ ብረት ነጋዴ እየለቀምኩ አመጣኋቸው። ሰው እንደ እብድ ያየኛል፤ ይየኝ። ዳግመኛ ገንዘብ እንዳይመቱ ፊታቸውን በመሮ ሰንጥቀዋቸዋል። ከሁሉ የምወደው የቀድሞው ንጉሥ መልክ ያለበትን ነው። ጉንጩ ከጆሮ እስከ አፍ ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለ ጥበብ በመሮ! የመታው እጁ ይሰበር።

ኅዳር 21፣ ማታ
ደምሴ መጣ። አንጥረኛው። ጉትቻና የአንገት መስቀል ይሠራል። በዚህ ከተማ ብረቶቼን አይቶ ዓይኑ የሚበራ እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እወደዋለሁ።

ሚስቱ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ከራስጌዋ የሚቀመጥ ብረት ፈለገ። ቢላዋ አይበቃም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የአንጥረኛ ቤት ሰይጣን ብረት ለምዷል፣ የንጉሥ መልክ ካላየ አይፈራም አለኝ። ሳቅሁ። ለአራስ ብረት የሚከለክል ማን አለ? ጉንጨ ስንጥቁን ሰጠሁት። ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ፣ ማለት ሰማንያ ቀን፣ አልጠይቀውም። በቅባታም ጨርቅ ጠቀለለው። ጨርቁ ቀፈፈኝ።

ጥር 6፣ የገበያ ቀን
አሁን ከገበያ መግባቴ ነው።

ፋጡማ ተያዘች። ከሁሩታ ቅቤ የምታመጣልኝ ሴት። ቅቤዋ ይሸታል፣ ፀጉሯ ይሸታል፣ ደጄ ላይ ስትቀመጥ አፍንጫዬን እይዛለሁ። ግን አታጭበረብርም። ዛሬ ጨርቅ ገዝታ የሰጠችው ብር የሐሰት ነው ብሎ ባለሱቁ ከሰሳት። ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ እንደ ደንቡ የእሷን ነጠላ ጫፍና የእሱን ኩታ ጫፍ ቋጥረው አንድ ላይ አስቀመጧቸው። ልጆች ይስቃሉ። አንዱ የሙዝ ልጣጭ ወረወረባት። ምን ዓይነት ሕዝብ ነው!

አይታኝ ጮኸች። «ጌታው፣ ቅቤ ሸጬ ነው ያገኘሁት! የንጉሡን ፊት አየሁ፣ አንበሳውን አየሁ፤ ሌላ ምን ልይ? ያ ረቢ!»

ባለሱቁ ብሩን እጄ ላይ ጣለው። በጥፍሬ ጫርኩት፤ ለስላሳ ነው። እርሳስ፣ ብር የተቀባ። አንበሳው ድመት መስሏል። የንጉሡ ፊት ግን ጥርት ያለ። ጉንጩ ላይ ቀጭን መስመር ከፍ ብላለች፤ በሞረድ ሊያጠፏት ሞክረዋል፣ ጆሮው ሥር ቀርታለች። ብረቱ ላይ የተሰነጠቀው ብሩ ላይ ጉብ ብሎ ይወጣል። ከዓይኔ በፊት አውራ ጣቴ አወቃት። ስንት ጊዜ ነው ያንን ስንጥቅ በዘይት ያሸሁት።

ብሩን መልሼ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ጥር 7
ደ. ቤት ሄድኩ። ስሙን ሙሉውን መጻፍ ተጸየፍኩ።

ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ተኝታለች። ራስጌዋ ቢላዋ። ስለ ብረቱ ጠየቅኋት፤ «የምን ብረት ጋሼ? ከወለድኩ ጀምሮ ያለኝ ይቺው ቢላዋ ናት» አለችኝ። ምስኪን፣ የምታውቀው የለም።

እሱን ከጓሮ አገኘሁት። ጥፍሩ በእርሳስ ጠቁሮ ቅንጬ ይበላል። በዚያው እጅ! አልካደም። ብረቴን ከወናፉ ሥር አወጣ፤ እርሳስ ተለጥፎበታል፣ የንጉሡ ዓይን ተደፍኗል። ወስደህ አዋሽ ወርውረው አለኝ። ሴትዮዋ ተገርፋ ትለቀቃለች፣ አንተ አፍህን ከከፈትክ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለብረቱ ነው አለኝ። ደግሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሁለታችንም የምንወደው አንድ ነገር ነው አለኝ። አንድ ነገር! ከራሱ ጋር አንድ አድርጎ ቆጠረኝ። ቤት ደርሼ ትከሻዬን በሳሙና ታጠብኩ።

የማይዋጥልኝ ግን የራሴ ጅልነት ነው። ቤቱ መዶሻ፣ መስፍ፣ ጉጠት የሞላ ሰው ብረት ሊለምነኝ ሲመጣ እንዴት አልነቃሁም? «አራስ» ሲለኝ ልቤ ቅቤ ሆነ። አፈርኩ።

ጥር 8
ቀኑን ሙሉ ከብረቱ ጋር ተፋጠጥኩ። አዋሽ ሩቅ አይደለም። ወርውሬው ብመጣ ማንም አያውቅም፤ የቀሩት ብረቶቼም ከነሣጥናቸው ይቀሩልኛል።

ወጥቼ በገበያው በኩል አለፍኩ። ፋጡማ እዚያው ናት። ባለሱቁ ሽንቱን ሊሸና ሲነሣ አብራ ትነሣለች፤ ፊቷን አዙራ ትቆማለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዛሬ አልጮኸችም። ነገ በገበያ መሐል ትገረፋለች ይላሉ።

የዳኛውን አሽከር እንደ ዋዛ ጠየቅሁት፤ ሌላ ሰው መጥቶ እውነተኛውን አጥፊ ቢከስስ ምን ይሆናል? እሷ ትፈታለች፣ ከሳሹ ከተከሳሹ ጋር ይቋጠራል፣ ፍርድ እስኪሰጥ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል አለኝ። ሳምንትም ይሆናል፣ ወርም ይሆናል።

ከደ. ጋር! ከዚያ ጥፍር ጋር አንድ ገበታ!

ጥር 9፣ ንጋት 12 ሰዓት
ሣጥኑን በሙሉ ይዤ ዳኛው ዘንድ እሄዳለሁ። አንዱን ካዩ ሌላውንም መውረሳቸው አይቀርም። ማን ሸጠልህ ይሉኛል፤ እናገራለሁ። ጉንጨ ስንጥቁን አልጠረግሁትም። እርሳሱ ከነእድፉ ይታይ።

አዲሱን ኩታዬን ለብሼ ነበር፤ መልሼ አወለቅሁት። ጫፉ ከማን ጋር እንደሚቋጠር አውቃለሁ። አሮጌውን ለበስኩ።