«ቦርዱ ይቀየርልኝ» እንዳሉ ያለፉት አቶ አብዱልጀሊል ሙህዲን

ለማህበራችን አባላትና ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለከሚሴ ከተማና ለአካባቢው ነዋሪ በሙሉ፦

የቡርቃ ጨፋ የዱቄት ፋብሪካ ኅብረት ሥራ ማህበር የጥገና ኃላፊ አቶ አብዱልጀሊል ሙህዲን ድንገት ባደረባቸው ሕመም ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የማህበሩ ጽሕፈት ቤትና ሠራተኞች በኅልፈታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። ከሐዘኑ ጋር ንዴትም አለብን። የተናደድነው በራሳችን ስለሆነ ምክንያቱን ሳንደብቅ እንናገራለን።

አቶ አብዱልጀሊል በ1960 ዓ.ም. በጨፋ ሸለቆ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ሙያ በኮምቦልቻ ተምረዋል። በ1996 ዓ.ም. ማህበራችን ያገለገለ ወፍጮ ከነሞተሩ ገዝቶ ሲያስተክል ተቀጠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያልነኩት ብሎንና ሽቦ የለም። የዓመት ፈቃዳቸውን ሙሉ ወስደው አያውቁም፤ ቢወስዱም በሁለተኛው ቀን እንጠራቸው ነበር።

የዋናውን ወፍጮ ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ የሚባል የብረት ሳጥን አለን። በውስጡ አንድ አረንጓዴ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አለ። ቦርዱ ካልሠራ ሞተሩ አይዞርም፤ ሞተሩ ካልዞረ ፋብሪካው የእህል መጋዘን ነው። የሠራው ኩባንያ ይህን ሞዴል ማምረት ካቆመ ቆይቷል፤ ነገር ግን ተጠግኖና ተፈትሾ የሚሸጥ ምትክ ቦርድ አዲስ አበባ ይገኛል። አቶ አብዱልጀሊል ሱቁን ያውቁት ነበር። ማወቃቸው ግን ምንም አልፈየደም።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፉ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ቦርዱ በዕድሜ ብዛት ደክሟል። ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ሲቀዘቅዝ ጭራሽ አይነሳም። ከዚህ በኋላ ጥገና ስለማይመልሰው ሙሉ በሙሉ እንዲቀየርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ደብዳቤው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ «ቦርዱን ስለሚመለከት ለቦርዱ ይቅረብ» ተብሎ ተመራ። ሰባቱ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት አነበቡት፤ ሰባቱም ስለራሳቸው የተጻፈ መሰላቸው። አቶ አብዱልጀሊል «የበላይ አካልን በመዝለፍ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቦርዱን ነቅለው በጋዜጣ ጠቅልለው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ዋላሂ እናንተን አላልኩም! ይሄን ነው ያልኩት። የደከመው ይሄ ነው፤ እናንተማ አልሓምዱሊላህ ደህና ናችሁ» አሉ። ማብራሪያው ተቀባይነት አገኘ። ማስጠንቀቂያው ግን አልተነሳም፤ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ነበርና። የደብዳቤውን ጥያቄ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. «ቦርድ» የሚለውን ቃል በደብዳቤ እንዳይጠቀሙ ስለተነገራቸው «ካርድ» ብለው ጻፉ። ግዥ ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ የመጋዘን ካርድ አሳትሞ አስረከባቸው። የጥገና ክፍሉ ቁም ሳጥን ዛሬም በነዚያ ካርዶች እንደተሞላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ዕቃውን በእጃቸው ሥለው፣ ቁጥሩን ጽፈው፣ ከየት እንደሚገኝ ጠቁመው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ገባን። ገብቶን ስናበቃ ደግሞ በመመሪያው መሠረት ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ እንዲያመጡ ጠየቅናቸው። ዕቃው ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው። «ያንኑ ሰው ሦስት ጊዜ ልጠይቀው?» ብለው ጻፉልን። ወረቀቱ «ይታይ» ተብሎበት ፋይል ውስጥ ገብቷል።

እስከዚያው ፋብሪካው እንዴት ሲሠራ ኖረ? በባለቤታቸው በወ/ሮ መሪየም የጸጉር ማድረቂያ ፎን። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር፣ ይህም በከሚሴ ስንት ጊዜ እንደሆነ ነዋሪው ያውቀዋል፣ አቶ አብዱልጀሊል ሳጥኑን ከፍተው ቦርዱን በፎን እያሞቁ ያስነሱት ነበር። ፎኑ የማህበሩ ንብረት ባይሆንም ይዘውት በወጡ ቁጥር የመውጫ ፈቃድ ይጠየቁበት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆመው ፈረሙ። ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን ከሰዓትም አሙቀው፣ ወፍጮውን አስነስተው፣ ፈርመው ነው የሄዱት።

በቀብራቸው ዕለት ለክብራቸው ስንል ፋብሪካውን ዘጋን። «ሲቀዘቅዝ አይነሳም» ብሎ በፊርማው የነገረንን ሰው ለማክበር አጥፍተን አቀዘቀዝነው። በማግስቱ አልነሳም አለ። ወ/ሮ መሪየም ከለቅሶ ቤት ፎኑን ላኩልን፤ የፈረቃ ኃላፊዋ ወ/ሮ ሰልማ በድሩ አርባ ደቂቃ አሞቁት። «በየት በኩል እንደሚሞቅ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት» ብለው ፎኑን አስቀምጠው አለቀሱ። ለምን ሰው አላስተማሩም እንዳይባል፣ ረዳት ይመደብልኝ ያሉበት ደብዳቤም አለ። እሱም «ይታይ» ተብሎበታል።

ይህ መግለጫ እስከወጣበት ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን ድረስ ወፍጮው ቆሟል። ከጨፋ ሮቢት በቆሎ ጭነው የመጡ መኪኖች በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ዛሬ የባቲ ገበያ ነው፣ የእኛ ዱቄት ግን የለበትም። ከተሰለፉት ገበሬዎች አንዱ «ያ ረቢ! ፋብሪካው እሳቸው ነበሩ እንዴ?» ብለው ጠይቀውናል። አዎ፣ እሳቸው ነበሩ።

የሥራ አመራር ቦርዱ ቅዳሜ ተሰብስቦ ማስጠንቀቂያውን ከግል ማኅደራቸው አንስቷል፤ የሦስት ፕሮፎርማውንም ግዴታ ትቷል። የግዥ ፎርሙ ግን የጠያቂውን ባለሙያ ፊርማ ይፈልጋል። ጠያቂው የሉም። ስለዚህ የመጋቢት 2010ሩ ደብዳቤ ከፋይል ወጥቶ፣ ፊርማቸው እንዳለበት፣ ከፎርሙ ጋር ተያይዟል። ከመጽደቁ በፊት ለጉባኤው በድምፅ ተነበበ። «ቦርዱ በዕድሜ ብዛት ደክሟል» የሚለው ቦታ ላይ ሲደረስ የተቆጣ ሰው አልነበረም። ሰባቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው እጃቸውን አወጡ።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ መሪየም፣ ለልጃቸው ለነጅዋ፣ ለዘመዶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን። ፎኑን የቦርዱ ምትክ እስኪመጣ እንድናቆየው ስንጠይቃቸው ወ/ሮ መሪየም «ያዙት፤ ድሮስ መች ለኔ ደርሶኝ ያውቃል» ብለውናል። አዲሱ ቦርድ የተገጠመ ዕለት ያለ መውጫ ፈቃድ ቤታቸው ድረስ ይዘንላቸው እንሄዳለን።

አላህ ለአቶ አብዱልጀሊል ጀነተል ፊርደውስን፣ ለቤተሰባቸው ሶብርን ይስጥልን። ለእኛም የሰውን ደብዳቤ በሕይወት እያለ የምናነብበት ዓይን ይስጠን።

የቡርቃ ጨፋ የዱቄት ፋብሪካ ኅብረት ሥራ ማህበር ጽሕፈት ቤትና ሠራተኞች
ከሚሴ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.