በለሊሴ ጊደር ያስተማሩን ባዮቴክኖሎጂ

ለተከበሩ የከብት ዝርያ ማሻሻያ ዘመቻ አስተባባሪ
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣ የእኛ የዲንሾ ውርጭ ደጅዎን ሳያይ፣ ወንበርዎም ከሥርዎ ሳይነቃነቅ አላህ በጤና ያቆይልን። እኛ አርቢዎቹ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን አለን።

አስቀድሜ ስለ ሥልጠናው ላመስግን። ባዮቴክኖሎጂ ማለት ሕይወት ያለውን ነገር ለሰው ጥቅም ማዋል እንደሆነ፣ እርጎ ማርጋትም ከዚያው እንደሚቆጠር አስተማሩን። አረንጓዴው የእርሻ፣ ቀዩ የሕክምና፣ ነጩ የፋብሪካ፣ ሰማያዊው የባሕር ነው ሲሉን፣ ነጩ የወተት መስሎን ከሁሉ አብልጠን አጨበጨብንለት።

ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

፩ኛ፦ ባሏን ቀብራ በአንዲት ጊደር ተስፋ የምትኖረው ጎረቤቴ ለሊሴ ከአዳራሹ ጥግ ተነሥታ፣ «ጊደሬ ትንሽ ናት፤ የጥጃው አባት ምን ያህላል?» ብላ ጠይቃዎት ነበር። እርስዎም «እናቴ፣ ሳይንስ በገመድ አይለካም» አሏት። አዳራሹ ሳቀ። በዚያው ሰሞንም የመንደራችን ጊደሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ መርፌ ተወጉ፤ ከዚያም ከባሕር ማዶ ከመጣ የግዙፍ ኮርማ ዘር ተዳቀሉ።

፪ኛ፦ ወሩ ሲደርስ ከሁሉ ቀድሞ የለሊሴን ጊደር ምጥ ያዛት። የጥጃው እግሮች ወጡ፤ ትከሻው ግን እምቢ አለ። ጊደሮቹን ላዳቀለው ባለሙያዎ ብንደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ እንዳትነኳት፣ ጠብቁኝ» አለን። እንደታዘዝነው ጠበቅን። ጊደሯ መጮኽ እስክታቆም ጠበቅን። ባለሙያው ደርሶ ጥጃውን ሲያወጣው እሱም ሞቷል። እጅግ ትልቅና ያማረ ጥጃ ነበር፤ ስለ ዝርያው ጥራት እንኳን ደስ ያለዎት።

ለሊሴ አላለቀሰችም። ጋቢዋን አውልቃ የጊደሯን ፊት ሸፈነችና ወደ ባለሙያው ቀና ብላ «የቀሩትስ?» አለችው። ዕቃውን በሞተር ብስክሌቱ ጭኖ ሄደ።

፫ኛ፦ ጊደሮቹ በአንድ ሰሞን ስለተዳቀሉ በአንድ ሰሞን ይወልዳሉ። ሆዳቸው ዕለት ዕለት ይከብዳል፤ ባለቤቶቻቸው በበረት በኩል ሲያልፉ ዓይናቸውን ያዞራሉ። ድሮ ከብት በሰላም እንዲወልድ ዱዓ ይደረግ ነበር፤ ዛሬ «ያ ረቢ፣ አዘግይልን» ነው የሚባለው። የእንስሳት ሐኪም ከነመሣሪያው እዚህ እንዲሰነብትልን ደጋግመን ብናመለክት፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑ ተገለጸልን። ምጥ ሂደት አይጠብቅም፣ ክቡር ሆይ።

ትምህርትዎ ከልባችን፣ ስምዎ ከአፋችን የማይጠፋው፣
በፊትዎ እጅ የምነሳው አርቢ
ሙህዲን አብዶ

ከፊርማው በታች፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የእኔዋ ጊደር ተኝታ ማማጥ ጀምራለች፤ የባለሙያዎም ስልክ ዝግ ነው። ሐኪም ካልተገኘ በዘመቻው መክፈቻ ዕለት ፎቶ ያነሱንን ሰው ይላኩልን፤ እሳቸው እንኳ በሰዓቱ ይደርሳሉ።